«እንደራሴ» ሲባል እንደ ማን ራስ?

መርካቶ ስሙም ቦታውም የጣልያን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ በኋላ አራዳን ለነጭ፣ ምዕራቡን ወገን ለአገሬው ሰው ብለው ከፈሉት። ሐበሻው ነጋዴ ጆንያውንና ሚዛኑን ተሸክሞ ወደ ተመደበለት ሰፈር ሄደ። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። የፋሺስት መንግሥት ሰው አይጠይቅምና ይህ ብዙም አይደንቅም። የሚደንቀው ከእሱ በኋላ የመጣው ነው።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ጦር የእንግሊዝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በዚያ ሰሞን በገበያው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ፣ የጣልያን ሊሬ፣ የግብፅ ፓውንድ፣ የሕንድ ሩፒና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጎን ለጎን ይዘዋወሩ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ሽልንጉ ሕጋዊ መገበያያ ሆነ። የኢትዮጵያ ብር እስከ ወጣበት እስከ ሐምሌ 1937 ዓ.ም. ድረስ የመርካቶ በርበሬ ነጋዴ የዕለት ሽያጩን የሚቆጥረው የእንግሊዙ ንጉሥ የጊዮርጊስ ስድስተኛ መልክ ባለበት ገንዘብ ነበር። አዲሱ ብር ሲወጣም ዋጋው የተተመነው በዚያው በሽልንግ ነው፤ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ።

ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሆና አታውቅም። ይህ እውነት ነው፤ በየመድረኩም ይነገራል። ነገር ግን ከዚህ እውነት ጀርባ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ታሪክ አለ። አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትር እንዳይሾሙ የተከራከረው የእንግሊዝ አስተዳደር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አስመራ ላይ የምርጫ ሣጥን አስቀምጧል። ያ ሣጥን ዞሮ ዞሮ ለኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም መሻሻል ምክንያት ሆነ። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ከላሽ መጀመር ያስፈልጋል።

*

ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ኃላፊ ነበር። አለቃው ሰር ፊሊፕ ሚቸል ናይሮቢ ተቀምጦ ከጣልያን የተወሰዱ አገሮችን በሙሉ ያስተዳድራል። ሚቸል ከዚያ በፊት የኡጋንዳ ገዢ የነበረ ሰው ነው። አገርን በአገሬው ባላባት በኩል መግዛት፣ ማለትም ንጉሡን በዙፋኑ ላይ አስቀምጦ መዝገቡንና ግምጃ ቤቱን በራስ እጅ መያዝ፣ ሙያው ነበር።

ግንቦት 3 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሰባት ሚኒስትሮችን ሾሙ። ከተሿሚዎቹ አንዱ በትውልዳቸው ኤርትራዊ የሆኑት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎሬንሶ ታእዛዝ ነበሩ። ላሽ ወዲያው ተቃወመ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ከጣልያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም የሚል ነው። በሕግ ዓይን ኢትዮጵያ «የተያዘ የጠላት ግዛት» ነበረች። የማን ጠላት? የእንግሊዝ። የጠላቷ የጣልያን ግዛት ናትና። ይህን አባባል ደግመው ቢያነቡት አይከፋም። እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. የጣልያንን ወረራ በይፋ አውቃ ስለነበር፣ በራሷ መዝገብ ኢትዮጵያን የጣልያን አድርጋ ጽፋለች። ጥር 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ አንቶኒ ኤደን ነፃ ኢትዮጵያ ዳግም ብትታይ መንግሥታቸው ደስ እንደሚለው ለንደን ፓርላማ ውስጥ ተናግረው ነበር። ለንደን አንድ ነገር ሲል ናይሮቢ ሌላ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ክርክሩ በማስታረቂያ አለቀ። የተሾሙት ሰዎች ለጊዜው እንደ ሚኒስትር ሳይሆን እንደ እንግሊዝ አስተዳደር አማካሪ እንዲታዩ ተደረገ። ሚቸል ከዚያም አልፎ ንጉሠ ነገሥቱ በትልልቅ ጉዳዮች ሁሉ የእንግሊዝን ምክር እንዲቀበሉ፣ ግብር ለመጣልና ወጪ ለማውጣትም የለንደንን ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያደርግ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ ቢያልፍ ኖሮ አዲስ አበባ ከካምፓላ ብዙም ባልተለየች ነበር።

አላለፈም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀ። ሆኖም እንግሊዝ ብዙ ነገር በእጇ አስቀረች። የእንግሊዝ መልእክተኛ በአዲስ አበባ ካሉ ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ፤ አማካሪዎችና የፖሊስ ኃላፊ ከእንግሊዝ መጡ፤ ከለላ ያለው የውጭ ዜጋ ከተከሰሰ የእንግሊዝ ዳኛ ባለበት ችሎት እንዲዳኝ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ኦጋዴንና በባቡሩ መስመር ያለው መሬት በጦሩ እጅ ቆየ። በምትኩ እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል፣ ለሁለተኛው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥ ተስማማች። መርካቶ ውስጥ ይህ ሰነድ በተግባር ምን ማለት እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የዓረብና የሕንድ ነጋዴ፣ በተለይም ከዓደን የመጣው በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያለ ሰው፣ ከጉራጌው ወይም ከወሎዬው ጎረቤቱ ጋር በአንድ መስመር ሱቅ ከፍቶ ሲጣላ የሚቆምበት ችሎት ሌላ ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ከዚህ አብዛኛውን አነሳ። ኦጋዴን ግን ገና ቀረ፤ ሐውድ የሚባለው ክፍል የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ሁሉ ድርድር ውስጥ አንድ ነገር ጠፍቷል። ሁለቱም ወገኖች የተነጋገሩት ስለ ሥልጣን እንጂ ስለ ሕዝብ ውክልና አልነበረም። እንግሊዝ «ንጉሡ መሾም አይችሉም» ስትል «ታዲያ ሕዝቡ ይምረጥ» አላለችም። ንጉሠ ነገሥቱም «መሾም መብቴ ነው» ሲሉ ያሸነፉት ለዙፋናቸው ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት፣ በጃፓን አርአያ በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት እንደሆኑ ይደነግጋል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ለጊዜው ነው ይላል። ያ «ለጊዜው» ሃያ አምስት ዓመት ቆየ።

*

አሁን ወደ አስመራ።

እንግሊዝ ኤርትራን ከ1933 እስከ 1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አስተዳድራለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጣልያንን ሕግና ብዙ የጣልያን ሠራተኞችን እንዳሉ አቆየች። የምፅዋ ወደብ መገልገያዎች ተነቅለው ሲሸጡ ሲልቪያ ፓንክረስት ለንደን ላይ ጮኸው ጽፈዋል። ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ የኤርትራ ዕጣ በተባበሩት መንግሥታት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ አስተዳደሩ በኢትዮጵያ ውስጥ ያልነበረ ነገር ፈቀደ፤ ፓርቲና ጋዜጣ። ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድ የሚፈልገው የፍቅር ሀገር ማኅበር፣ በ1939 ዓ.ም. ከረን ላይ የተመሠረተው የሙስሊም ሊግ፣ ነፃነትን የሚጠይቀው ሊበራል ፕሮግረሲቭ፣ ሁሉም በአደባባይ ተከራከሩ። አቶ ወልደአብ ወልደማርያም የሚያዘጋጁት የትግርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ የክርክሩ መድረክ ነበር። ክርክሩ ግን ደም የለሽ አልነበረም፤ በወልደአብ ላይ በተደጋጋሚ የግድያ ሙከራ ተደርጎባቸዋል።

እንግሊዝ ይህን ያደረገችው ለዴሞክራሲ ፍቅር ነው ማለት የዋህነት ነው። በ1941 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቤቪን ከጣልያኑ አቻቸው ከስፎርዛ ጋር ኤርትራን ለሁለት ሰንጥቆ ምዕራቡን ከሱዳን የሚቀላቅል ዕቅድ ይዘው ነበር፤ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ወደቀ። በሌሎች ግዛቶቿም ልማዷ ተመሳሳይ ነው። ለሕንድ በ1927 ዓ.ም. የሰጠችው ሕግ ክፍለ አገሮቹን በተመራጮች እንዲመሩ አድርጎ፣ ገዢዎቹ ሲያሻቸው የሚመዙትን ልዩ ሥልጣን ደግሞ በኪሳቸው አስቀርቶላቸዋል። ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ በ1943 ዓ.ም. ምርጫ ስታደርግ ያሸነፉት ክዋሜ ንክሩማ እስር ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ገዢው ፈታቸውና መንግሥት አቋቁሙ አላቸው። እንግሊዝ ስትሰጥ በልክ ነው፤ ደግሞም ልትወጣ ስትል ነው። ኤርትራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ያለ አንድ የተመረጠ ምክር ቤት ገዝታ ምርጫ ያደረገችው ከመውጣቷ ስድስት ወር ቀደም ብላ ነው።

ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ። ሕገ መንግሥቱን የማርቀቅ ኃላፊነት ለቦሊቪያዊው ለኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንሶ ተሰጠ። እሳቸው በየአውራጃው ዞረው ሕዝቡን አነጋገሩ። በመጋቢት 1944 ዓ.ም. 68 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተመረጠ። አስመራና ምፅዋ ላይ መራጩ በቀጥታ ድምፅ ሰጠ፤ በሌላው አገር መንደሩና ጎሳው መጀመሪያ መራጮችን መረጠ፣ እነሱ ደግሞ እንደራሴውን መረጡ። ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም። የአንድነት ፓርቲው 32 መቀመጫ አገኘ፤ ብቻውን የሚበቃ ብዙኃን ግን አልሆነም። ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ሐምሌ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. አጸደቀ።

ይህን ረቂቅ ሲያዘጋጁ ከተነሱት ክርክሮች አንዱ በአማርኛ ሲታይ ልዩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኤርትራን የሚያስተዳድር ሹም ከአዲስ አበባ መላክ ይፈልጉ ነበር። ማቲየንሶና ብዙ ኤርትራውያን አልተቀበሉትም። የተገኘው መካከለኛ መንገድ የዘውዱ ወኪል አስመራ እንዲቀመጥ፣ ነገር ግን ምክር ቤቱን በንግግር የሚከፍት፣ ሕግ የሚያውጅ፣ የፌዴሬሽኑን ሥልጣን የነካ ሕግ ሲያይ እንደገና እንዲታይ የሚመልስ ብቻ እንዲሆን ነው። ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸና ሕጉ ያልፋል። አስፈጻሚውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ የመጀመሪያውም አቶ ተድላ ባይሩ ሆኑ።

ያ የዘውድ ወኪል በአማርኛ «የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ» ተባለ። የተሾሙት የንጉሠ ነገሥቱ አማች ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ ነበሩ። ሕዝቡ የመረጣቸው 68ቱስ ምን ይባላሉ? እነሱም እንደራሴ ናቸው፤ የሕዝብ እንደራሴ። ቃሉ «እንደ ራሴ» ነው፤ እኔ ራሴ እንደቆምኩ ቁጠረው ማለት። አንዱ በንጉሡ ፋንታ ወደ ታች የተላከ ነው፣ ሌላው በመንደሩ ፋንታ ወደ ላይ የወጣ። በአንዲት ከተማ በአንድ ስም ሁለት ሰዎች ተቀመጡ፤ ጥያቄው የትኛው «ራስ» ይበልጣል የሚለው ብቻ ነበር።

መልሱ ብዙ አልዘገየም። መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ። በ1947 ዓ.ም. አንዳርጋቸው ለምክር ቤቱ ባሰሙት ንግግር የኤርትራ ውስጥ ጉዳይና የውጭ ጉዳይ ብሎ መለያየት በንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ቢሮ በኩል እንደማይታወቅ ተናገሩ። ያው ዓመት ሳያልቅ ተድላ ባይሩ ለቀቁ።

*

አዲስ አበባ ውስጥ ግን አንድ የማይመች ነገር ተፈጥሮ ነበር። በአንድ ዘውድ ሥር ሁለት ሕጎች አሉ። ሰሜኑ የተመረጠ ምክር ቤት፣ የተጻፈ የመብት ዝርዝርና ፓርቲ አለው፤ ደቡቡና መሀሉ ባላባት የመረጠው ምክር ቤት አለው። ከአስመራ ወደ መርካቶ ጨርቅ ሊያወርድ የመጣ ነጋዴ በአገሩ ድምፅ የሰጠ ሰው ነው፤ ጨርቁን የሚረከበው የአዲስ ከተማ ነጋዴ ግን ከቶ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ይህ ሁኔታ ለውጭም ለውስጥም የሚያሳፍር ነበር። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሥራ ከአሜሪካዊው አማካሪ ከጆን ስፔንሰርና ከሌሎች ጋር ቀደም ብሎ የተጀመረ ቢሆንም፣ ፌዴሬሽኑ ካልገፋው በዚያ ጊዜና በዚያ መልክ ይወጣ ነበር ብሎ ማመን ይከብዳል።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ በዘውዱ የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በምስጢር ድምፅ እንዲመርጥ ፈቀደ። ከአስመራው ሕግ የሚበልጥበት አንድ ነገርም አለ፤ ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ማድረጉ። በ1950ው የመጀመሪያ ምርጫ በጣልያን ጊዜ አዚናራ ደሴት ታስረው የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። ከዚያ በስተቀር ሚኒስትሮቹ ተጠያቂነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚሾሙት እሳቸው ነበሩ፤ ፓርቲ ደግሞ የለም።

ለመርካቶ ሰው ሌላ ጉዳይም ነበር። ሕገ መንግሥቱ እጩ የሚሆነው ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። 21 ዓመት የሞላው ተሸካሚ ድምፅ ይሰጣል፤ ራሱ ግን መቅረብ አይችልም። የከተማው አስተዳደር ደግሞ ከዚህ ጠባብ ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወጣው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ቻርተር የምክር ቤት አባላትን የመምረጥ መብት የሰጠው የማይንቀሳቀስ ንብረት ላላቸው ነዋሪዎች ነው፤ ከንቲባውን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የመርካቶ ነጋዴ አብዛኛው ሱቁን የሚከራየው ከባለ መሬት ነበር። በቀን የሚያገላብጠው ገንዘብ ከአከራዩ ኪራይ አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ገበያው መንገድ፣ ስለ ቆሻሻውና ስለ ግብሩ በማዘጋጃ ቤት የሚናገርለትን ሰው የሚመርጠው ግን አከራዩ ነው። እንግሊዝም በቅኝ ግዛቶቿ ድምፅን በንብረትና በትምህርት ስትገድብ ኖራለች፤ በዚህ በኩል አዲስ አበባ ከእሷ የተማረችው ካለ ይህን ነው።

ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ኃይለ ሥላሴ ሕገ መንግሥት በገዛ ፈቃዳቸው «ለሕዝባቸው የሰጡ» ንጉሥ ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሁሉም ለታይታ ነበር ይላሉ። ሁለቱም ነገሩን ያቀሉታል። የ1948ቱ ሕግ የውጭ ግፊት፣ የሰሜን ጎረቤት ምሳሌና የዙፋን ስጋት አንድ ላይ የወለዱት ነው። ሲጻፍ ደግሞ ያ ምሳሌ ራሱ እየፈረሰ ነበር። የኤርትራ ነፃ ጋዜጣ መጀመሪያ ተዘጋ፤ በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ሰንደቅ ዓላማዋ ወረደ፤ ቀጥሎ መንግሥቷ «አስተዳደር» ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. የአስመራው ምክር ቤት ፌዴሬሽኑ ማብቃቱን ተቀብሎ ራሱን አፈረሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በምዕራብ ኤርትራ የመጀመሪያው ጥይት ተተኩሶ ነበር፤ የዚያ ጦርነት ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ሆነ።

ከፌዴሬሽኑ መፍረስ በኋላ የአስመራ ሰው እንደ ሌላው ክፍለ ሀገር ለአዲስ አበባው ፓርላማ እንደራሴ መላክ ጀመረ። በ1957ቱ ምርጫ ድምፅ ሊሰጥ የወጣው የአስመራ መራጭ በ1944 ዓ.ም. ፓርቲውን ለይቶ፣ ከፓርቲው ሰው ለይቶ የመረጠ ነበር። አሁን በፊቱ የቆሙት ንብረት ያላቸው፣ ፓርቲ የሌላቸው፣ እያንዳንዱ ለብቻው የቀረበ እጩዎች ናቸው። በዚያው ወር መርካቶ ውስጥ ድምፅ የሰጠው የአዲስ ከተማ ነጋዴም ያየው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ከዚህ ሌላ ምርጫ አይቶ አያውቅም ነበር።